ጅብ ከሄደ ዊሽ ጮኸ

እንግሊዝኛ ተምሮ ያልተመኘ የለም፤ ተመኝቶ ያልተሳሳተ ካለ ግን እጁን ያውጣና እንየው። ለተፈታኝ ታናሽ ወንድሙ «አይ ዊሽ ዩ ዊል ፓስ» ብሎ መልእክት የሰደደ ሁሉ፣ ወንድምየው ቢያልፍም እሱ ወድቋል። ፈተናው ነገ ከሆነና ዕጣው ካልታወቀ «አይ ሆፕ ዩ ዊል ፓስ» ነው የሚባለው። «ዊሽ» ሌላ ግስ አስከትሎ ከመጣ ግን ነገሩ ወይ የለም፣ ወይ አልፏል፣ ወይ ይሆናል ተብሎ አይታመንም። «አይ ዊሽ ዩ ጉድ ላክ» ምንም አይወጣለትም፤ ስም ብቻ ስላስከተለ ምርቃት ነው። ምርቃት ደግሞ ሰዋስው አይፈራም።

ይህን ሁሉ የሚያስለፈልፈኝ ሰሞኑን አንድ የማታ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተሰይሜ የሰማሁት ተረብ ነው። የታክሲ ረዳት አለ። ለአይልትስ የሚዘጋጅ ጎረምሳ አለ። አሜሪካ ልጃቸው ጋ ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመሩ እናትም ከፊት ተቀምጠዋል። ቲቸር በእጁ የሬይመንድ መርፊን ሰዋስው ይዟል። መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ የቲቸር ግን የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ገጹ ግማሹ ጥላ ነው።

ሰሌዳው ላይ «አይ ዊሽ አይ ኒው ኢንግሊሽ» ብሎ ጻፈ። ረዳቱ አላስጨረሰውም።

«ቲቸር፣ ‹ኒው› እኮ ያለፈ ጊዜ ነው። ትናንት እንግሊዝኛ እችል ነበር ማለት ነው?»

«ትናንት ብትችል ዛሬ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ቆይ ልጄ፣» አሉ እናት፣ «ሰውየው የሚመኘው ለዛሬ፣ ግሱ የትናንት። ምን የሚሉት ነገር ነው?»

«እማማ፣ ልጅዎ ስትናፍቅዎ ምን ይላሉ?»

«‹ምነው አሁን በመጣች› ነዋ የምለው።»

«‹መጣች› የመቼ ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «ያለፈ ነው… ወይ ጉድ።»

«ታዲያ እንግሊዙ ምን አጠፋ?»

ረዳቱ ሙያው ትዝ አለውና ደመደመ። «ገባኝ! ዊሽ የኋላ ማርሽ ነው። የዛሬው ሲያምርህ አንድ ወደ ኋላ፣ የትናንቱ ሲቆጭህ ሁለት ወደ ኋላ።» አልዋሸም። የዛሬው እጦት «ኒው»፣ «ሃድ»፣ «ሊቭድ» ይላል፤ የትናንቱ ጸጸት ደግሞ «ሃድ ኖውን»፣ «ሃድ ሃድ»፣ «ሃድ ሊቭድ» ይላል። «ሃድ ሃድ» ሲባል ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቀም፤ በዓመት ስንቴ እንደሚሳቅበት ያውቀዋል።

ጎረምሳው የሚያስቀው ነገር የለም። ባለፈው የአይልትስ ፈተና የጽሑፉ ክፍል ጉድ ሠርቶታል። «አይ ዊሽ አይ ዉድ ሃቭ ስተዲድ» አለ ተክዞ።

«‹ዉድ ሃቭ›ን አውጣው፤ እሱ የ‹ኢፍ› ዓረፍተ ነገር ማዶኛ ነው። ‹አይ ዊሽ አይ ሃድ ስተዲድ› ይበቃሃል። ‹ምነው ባጠናሁ ኖሮ› ብለህ ስታበቃ ሌላ ‹ኖሮ› ትጨምራለህ እንዴ?»

«እንደ ጸጸቴ ብዛት ሦስትም ይጨመራል።»

«አይ ጸጸት!» አለ ረዳቱ። «ጅብ ከሄደ ዊሽ ጮኸ!»

ቀጥሎ የመጣው «አይ ዊሽ አይ ዎር ሪች» ነበር። አሁንም ረዳቱ፦ «‹አይ› አንድ ሰው፣ ‹ዎር› የብዙ ሰው። ስንት ሆኖ ነው የሚመኘው?»

«ምኞት ላይ ሰው ራሱን አንቱ ይላል» ብሎ አሳለፈው ቲቸር። መልሱ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ከመጽሐፉ ግን ይሻላል። እውነቱን ለመናገር «ዋዝ»ም በንግግር ይሰማል። ቢዮንሴ እ.ኤ.አ. በ2008 ወንድ ብሆን ብላ ስትዘፍን «ዎር» አለች፤ ስኪ ሎ የተባለው ራፐር በ1995 ቁመት ሲመኝ «ዋዝ» አለ። ሁለቱንም ማንም አልቀጣቸውም። ፈተና ላይ የተቀመጠ ግን ቢዮንሴን ይከተል፤ ቁመት በፈተና አይጨመርም።

ክፍሉ የደመቀው «ዉድ» ላይ ነው። «አይ ዊሽ» ብለህ «ዉድ» ካስከተልህ የምትመኘው የሌላውን ለውጥ ነው፤ ዝናቡ ቢያቆም፣ ጎረቤት ሬዲዮውን ቢቀንስ፣ አከራይ ከደጅ ቢነሳ። ከምኞቱ ስር ትንሽ ንዴት አለች። ሲያጉረመርሙ የሚጠቀሙበት ሰዋስው ስለሆነ ማስተማሪያው ጊዜ ሊያጥር ይገባው ነበር፤ ችሎታው ከእናት ማኅፀን ይዘነው የወጣነው ነው።

እናት ሞከሩ። «አይ ዊሽ ማይ ሃዝባንድ ዉድ ሄልፕ ሚ።»

«ጎበዝ! እንከን የለውም።»

«ባለቤቴ ግን ካረፈ ቆየ፣ ልጄ።»

ቲቸር ጠመኔውን አወረደ። «ነፍስ ይማር። እንዲያ ከሆነ ‹ሃድ ሄልፕድ› ይበሉ፤ ‹ዉድ› ገና ሊሻሻል ይችላል ለሚባል ሰው ነው።»

«እሱስ በቁሙም ለ‹ዉድ› አልተመቸም።»

ረዳቱ ሳቁን ገታና የራሱን ወረወረ። «አይ ዊሽ አይ ዉድ ስቶፕ ስሞኪንግ።»

«ይሄ አይሆንም።»

«ማቆሜ ነው የማይሆነው?»

«ዓረፍተ ነገሩ ነው። ራስህን በ‹ዉድ› አትመኘውም። ሲጋራው ያለው በማን እጅ ነው? በአንተ። ታዲያ ማንን ትለምናለህ? ጣለው! አቅቶኝ ነው ካልህ ‹አይ ዊሽ አይ ኩድ ስቶፕ› በል።»

«ስለዚህ ሌላው ሲያጠፋ እምቢ ብሎ ነው፤ እኔ ሳጠፋ አቅቶኝ ነው?»

«በትክክል።»

«እንግሊዝኛ ደስ ይላል ማለት ነው!»

ይህቺ «ኩድ» ቀላል እንዳትመስላችሁ። ሰርግ ሲጠሯችሁና መሄድ ሳትፈልጉ «አይ ዊሽ አይ ኩድ ከም» ብላችሁ ጨዋ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ጎረምሳው ለፈተናው መክፈያ እንዲልክለት ቨርጂኒያ ያለ አጎቱን ለምኖ ያገኘውን መልስ ከስልኩ አነበበልን፦ «አይ ዊሽ አይ ኩድ ሄልፕ።»

«እየተመኘልህ ነው እኮ!» አለ ረዳቱ።

«ተመኝቶ ዘጋው» አለ ጎረምሳው። አጎትየው ሰዋስው አልተሳሳተም፤ «ሆፕ» ቢል ኖሮ ልጁ እስካሁን የባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ነበር። ለነገሩ ይቺው «ዊሽ» መሥሪያ ቤት ስትገባ ክራቫት አስራ «ዊ ዊሽ ቱ ኢንፎርም ዩ» ትላለች። እዚያ ምኞትም ቁጭትም የላትም፤ ማኅተም ብቻ ናት።

ሰዓቱ አልፏል፤ ቲቸር ግን የ«ኢፍ ኦንሊ»ን ነገር ጀመረ። ከ«አይ ዊሽ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ የሚከተለው ግስም ያው ነው፣ ቁጭቱ ብቻ ይብሳል እያለ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ሞላው። ረዳቱ እጁን አወጣ።

«ምሳሌ አለኝ ቲቸር።»

«ቀጥል።»

«አይ ዊሽ አወር ቲቸር ዉድ ፊኒሽ።»

ቲቸር ዞር ብሎ አየው። «‹ዉድ› በቦታው ነው፣ ግሱም ልክ ነው፣ ንዴቱም አለበት። አሥር ከአሥር። አሁን ውጣ።»