ሶፋን አራተኛ ፎቅ ስለማድረስ፦ በሥራ፣ በኢነርጂና በቀላል ማሽኖች ላይ የተደረገ ጥናት

ሶፋ በተፈጥሮው ከመሬት ብዙ መራቅ የማይወድ ዕቃ ነው። ከዚህ ጠባዩ ጋር የሚጋጨው የባለቤቱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ዕጣው አራተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ ሕንፃው ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የሌለው ሲሆን፣ ሶፋውና የመሬት ስበት ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በመካከላቸው የሚገቡት ጫኝና አውራጆች ናቸው። ይህ ጥናት የሦስቱን ግንኙነት ይመረምራል።

ለናሙና የተመረጠው ባለ ሦስት መቀመጫ፣ እግሩ በብሎን የታሰረ፣ 80 ኪሎ የሚመዝን ሶፋ ነው። ኤል ሼፕ የሚባለው ዝርያ ከጥናቱ ውጭ ሆኗል፤ እሱን አራተኛ ፎቅ ያወጡ ሰዎች ስለ ጉዳዩ ረጋ ብለው መናገር አልቻሉም። አንዱ ፎቅ ከሌላው 3 ሜትር ይርቃል ብለን ከያዝን አራተኛው ፎቅ ከመሬት 12 ሜትር ላይ ነው። ለስሌቱ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም፤ የቀረው ሁሉ የሰው ጠባይ ነው።

ፊዚክስ ሥራን የሚመለከተው በጥብቅ ዓይን ነው። ፈረንሳዊው ጋስፓር ጉስታቭ ኮርዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1829 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥራ ማለት ጉልበት በራሱ አቅጣጫ ከተኬደው ርቀት ጋር ሲባዛ የሚገኘው ነው ብሎ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ የብዙ ሰው ድካም ከንቱ ቀርቷል። ሶፋውን ከአይሱዙው አውርደው በደልዳላው ግቢ 40 ሜትር የተሸከሙት አራት ጎልማሶች ሶፋው ላይ የሠሩት ሥራ ዜሮ ነው፤ ጉልበታቸው ወደ ላይ፣ መንገዳቸው ወደ ጎን ነበርና። ደረጃው ሥር ደርሰው፣ ባለቤቱ ቁልፉን የትኛው ኪሱ እንደከተተው እስኪያስታውስ ድረስ እንደተሸከሙ ቆመው የሠሩትም ዜሮ ነው። ላባቸው ግን ይንጠባጠባል። ጠረጴዛ ያንኑ ሶፋ ዓመት ሙሉ ቢሸከም አይርበውም፤ ጡንቻ ግን ዕቃው ንቅንቅ ባይልም በውስጡ ያሉት ክሮች እየተኮማተሩና እየላሉ ስኳር ሲያቃጥሉ ይውላሉ። ኮርዮሊስ ለዚህኛው ወጪ ዓምድ አላበጀለትም።

አሠሪዎች ይህን ትምህርት ክፍል ሳይገቡ ያውቁታል። «እዚህ ጋ ነው እኮ!» ሲሉ አግድም ለተኬደ መንገድ ክፍያ የለም ማለታቸው ነው። ጫኞቹም በበኩላቸው ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ «ስንተኛ ፎቅ ነው ፋዘር?» ክብደት ሲባዛ በስበት፣ ሲባዛ በከፍታ የሚለው ቀመር በዚህች ጥያቄ ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። ዋጋው ፎቅ በጨመረ ቁጥር እኩል እኩል ማደጉ ሳይንሳዊ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ የገባ ሰው አራተኛ ፎቅ ለደረሰው ጎረቤቱ ሊያዝንለት የሚገባው በሲሶ ብቻ ነው። ቀመሩ የሚፈርሰው ምድር ቤት ላይ ነው። እዚያ ከፍታው ዜሮ ስለሆነ ክፍያውም ዜሮ መሆን ነበረበት። በዚህ ሒሳብ የተስማማ ጫኝ ግን በጥናቱ ወቅት አልተገኘም።

የእምቅ ኢነርጂም ጉዳይ አለ። እምቅ ኢነርጂ አንድ አካል ምንም ሳያደርግ፣ በያዘው ቦታ ብቻ የሚኖረው አቅም ነው። የትምህርት መጻሕፍት ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ቋጥኝ እየሳሉ ያስረዱታል። ከግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት የሰፈር ልጆች ግን ከቋጥኙ የተሻሉ ማስረጃ ናቸው። ባለቤቱ «ከወንድሞቼ ጋር ሆኜ የራሴን ሶፋ በራሴ ትከሻ ላውጣ» ቢል፣ ልጆቹ ከተቀመጡበት ሳይነሱ የማውረጃ ሒሳብ ይጠይቁታል። የሠሩት ሥራ ዜሮ ነው። እምቅ ኢነርጂያቸው ወደ እንቅስቃሴ ሲቀየር ቆሞ ማየት የሚፈልግ ባለሶፋ ግን ስለሌለ ይከፈላቸዋል።

ወደ ዋናው ስሌት እንግባ። 80 ኪሎ ሲባዛ በ9.8፣ ሲባዛ በ12 ሜትር፣ 9,408 ጁል ይመጣል። ቁጥሩ ሲሰሙት ያስፈራል፣ ሲመነዝሩት ያሳፍራል። 1 ኪሎ ካሎሪ 4,184 ጁል ነውና፣ ሶፋ አራተኛ ፎቅ ማድረስ ሁለት ኪሎ ካሎሪ ከሩብ ያህል ብቻ ይፈጃል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። በመብራት ቆጣሪ ካየነው ደግሞ፣ ብክነት ባይኖር ኖሮ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያንን ሶፋ 382 ጊዜ ያወጣው ነበር።

ችግሩ ሶፋ ብቻውን አይወጣም። አራቱ ጫኞች እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ቢሆኑ፣ ገላቸውን ብቻ አራተኛ ፎቅ ለማድረስ 28,224 ጁል ይፈልጋሉ፤ የሶፋውን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ባለቤቱ ለሶፋ የሚከፍል ይመስለዋል እንጂ፣ ከሥራው ከአራት እጅ ሦስቱ የዋለው ሰዎቹን ራሳቸውን ለማውጣት ነው። ጡንቻ ካቃጠለው ውስጥ ወደ ሥራ የሚቀይረው በግምት ሩቡን መሆኑ ሲታሰብ፣ የአራቱ ጠቅላላ ወጪ 36 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ሁለት ማንኪያ ከሩብ ስኳር፣ ለአራት ሰው። ይህን ይዞ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ልደራደር የሚል ባለሶፋ ካለ፣ ስሌቱ ትክክል መሆኑን እናረጋግጥለታለን፤ ከዚያ ለሚከተለው ግን ኃላፊነት አንወስድም።

ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ለገበያ ሲያቀርብ ከፈረስ ጋር ስላነጻጸረው የፈረስ ጉልበት የሚባል መለኪያ ቀርቶልናል፤ 746 ዋት ያህል ነው። አራቱ ጎልማሶች ከእረፍቱና ከንትርኩ ጋር 10 ደቂቃ ቢፈጅባቸው፣ አቅማቸው በአማካይ 63 ዋት ነው። ተጋግዘው ያንን ቢጫ ባለ 60 ዋት አምፖል ቢያበሩ ነው። ይህ ለጫኞቹ ባይነገራቸው ይመረጣል።

ደረጃ በዝምድና ከቀላል ማሽኖች አንዱ ከሆነው ካዘነበለው ወለል ይወለዳል፤ ውርሱን ግን በትክክል አልተቀበለም። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1600 አካባቢ ስለ ማሽኖች በጻፈው ላይ እንዳስረዳው፣ በጉልበት ያተረፉትን በርቀት ይከፍሉታል እንጂ ተፈጥሮን ማታለል አይቻልም። ያዘነበለ ወለል ቢያንስ ይህን ውል ያከብራል፤ መንገድ ያስረዝማል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ደረጃ ግን መንገዱን አስረዝሞ ጉልበቱን እንዳለ ይተወዋል፤ ሶፋው ስለማይንሸራተትበት ሙሉ ክብደቱ ሰው እጅ ላይ ነው።

ሸክሙም እኩል አይከፋፈልም። ሶፋው 2 ሜትር ቢረዝም፣ የክብደቱ ማዕከል ከእጆቹ መስመር 30 ሳንቲም ከፍ ቢል፣ ደረጃው ደግሞ 31 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ከታች የያዙት ሁለቱ 47 ኪሎ፣ ከላይ የያዙት ሁለቱ 33 ኪሎ ይደርሳቸዋል። ከላይ የሚይዙት ነባሮቹ፣ ከታች የሚይዙት አዲስ ገቢዎቹ የሆኑት በአጋጣሚ ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል። ነባሮቹ የተረፋቸውን ትንፋሽ ትእዛዝ ይሰጡበታል። «ከፍ አርገው! ከፍ!» ይላሉ። የታችኛው ጫፍ ከፍ ሲል ግን የሶፋው ዘንበል ማለት ይቀንሳል፤ ሸክሙም ቀስ ብሎ ወደ አዛዦቹ ይመለሳል። አዛዦቹ ይህን ስለማያውቁ ትእዛዙ ይቀጥላል።

«ወደ ቀኝ!» የሚለው ትእዛዝ የባሰ ነው። ጉልበት አቅጣጫ ያለው ነገር ነው። ከላይ ያሉት ፊታቸውን ወደ ታች መልሰው በጀርባቸው ስለሚወጡ፣ የእነሱ ቀኝ ለታቾቹ ግራ ነው። ሁለቱም ወገን ትእዛዙን በቅንነት ሲፈጽም የጉልበቱ ድምር ዜሮ ይሆንና ሶፋው በቦታው ይጸናል። በዚህን ጊዜ በየበሩ ብቅ ያሉት ጎረቤቶች ሦስተኛና አራተኛ ቀኝ ያዋጣሉ። ባለቤቱ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ትራስ አቅፎ ከኋላ ይከተላል። ሥራው ከ235 ጁል አይበልጥም። ላይ ሲደረስ «ኡፍፍ፣ አለቅን!» የሚለው ግን እሱ ነው።

መታጠፊያው ላይ ፊዚክስ ጉዳዩን ለሒሳብ ያስረክባል። ሊዮ ሞዘር የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 ጥያቄውን በጽሑፍ አቀረበው፦ 1 ሜትር የሚሰፋ መተላለፊያ በቀጥተኛ ማዕዘን ቢታጠፍ፣ በዚያ ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ ሶፋ ስንት ካሬ ነው? ጆን ሐመርስሊ በ1968 እስከ 2.2074 ካሬ ሜትር የሚደርስ ሶፋ እንደሚያልፍ አሳየ። ጆሴፍ ገርቨር በ1992 ድንበሩን ወደ 2.2195 ገፋው፤ ከ24 ዓመት ልፋት በኋላ የተገኘው ትርፍ አንድ መጽሐፍ የማያስቀምጥ ቦታ ነው። በ2024 ጂኒዮን ቤክ ከዚህ የሚበልጥ ሶፋ እንደሌለ አረጋግጫለሁ ብሎ ከ100 ገጽ በላይ ጽሑፍ አወጣ። የገርቨር ሶፋ የድሮ ስልክ እጀታ ይመስላል፤ እንግዳ አያስቀምጥም።

ሊቃውንቱን ይህን ሁሉ ዘመን ያደከማቸው ሶፋው ከወለሉ አይነሳም የሚለው ደንብ ነው፤ ጥያቄያቸው የጠፍጣፋ ምስል ጥያቄ ነበር። የእኛዎቹ ጫኞች ደንቡን አልሰሙም። አለቃቸው ማዕዘኑን አንዴ ገረፍ አድርጎ አየና «በቁመቱ!» አለ። ሶፋው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በእግሩ በኩል ዞረ፣ አለፈ። ከግድግዳው ላይ ይዞት የሄደው ቀለም በሰበቃ የባከነ ኢነርጂ ተብሎ ይመዘገባል። የጎረቤትየዋ አስተያየት ግን በጁል የሚለካ አልነበረም።

በበረንዳ በኩል በገመድ እንሳበው የሚል ወገን ከየትኛውም ሕንፃ አይጠፋም። ፕሉታርክ አርኪሜድስ በበከራዎች ብዛት የተጫነ መርከብ ተቀምጦ እንደሳበ ጽፏል፤ ይህ ወገን የሚያስታውሰው አርኪሜድስን ነው እንጂ በከራዎቹን አይደለም። አንድ የታሰረ በከራ አቅጣጫ ይቀይር እንደሆነ እንጂ ጉልበት አያግዝም። በከራ ሳይኖር ገመዱን በበረንዳው ብረት ላይ አሳልፎ መሳብ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ሰበቃው መጠነኛ ቢሆን እንኳ፣ ገመዱ ብረቱ ላይ ሩብ ዙር ሲጠመዘዝ 80 ኪሎው ለሳቢው 128 ኪሎ ይሆንበታል። ማሽን ሥራ ማቅለል ብቻ ሳይሆን ማክበድም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

አስተዋይ ሰው ካቻቢቴ ያመጣል። የሶፋው እግሮች በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ብሎን ደግሞ በዘንግ ላይ የተጠቀለለ ያዘነበለ ወለል ስለሆነ፣ በጣት ጉልበት ትልቅ ነገር ይፈታል። ከባድ ነገር ፈትቶ ማጓጓዝ የሚያሳፍር አይደለም። 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ክብደት ያለው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን፣ በሦስት በረራ ነው የመጣው፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። በዚያ ሥራ ላይ «ሳንፈታው እንሞክረው እስቲ» ያለ ሰው ስለመኖሩ የተመዘገበ ነገር የለም። ሶፋ ላይ ግን ይህን የሚል አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ነው።

ናሙናችን ሳይፈታ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። በሩ በአራት ጣት ጠበበው። በሩ ከማጠፊያው ወለቀ፤ ጠበበው። ካቻቢቴ ተፈለገ፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት አለው፣ ግን ሰውየው የለም። ከብዙ ምክክር በኋላ ሶፋው ወደ መሬት እንዲመለስ ተወሰነ።

የጥናቱ ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው። በስበት ሕግ መሠረት የወጣ ነገር ወደ ተነሳበት ሲመለስ ጠቅላላው ሥራ ዜሮ ነው። ባለቤቱ ይህን ሕግ ከየት እንዳገኘው ባይታወቅም በግልጽ አቀረበው፦ «ምን ሠራችሁና? ሶፋው ያው እዚያው ነው!» የጫኞቹ አለቃ ክርክሩን በሳይንስ አላፈረሰውም። «እንደዛ ከሆነ ፋዘር፣ ተመልሰን ላይ እናስቀምጥልሃለና» አለ። 9,408 ጁል እምቅ ኢነርጂ በሰው በር ላይ የሚተው መሆኑ ሲታሰብ ባለቤቱ ዝም አለ።

የቀረው የመውረጃው ተመን ነበር። ሲወርዱ ጡንቻ እየተሳበ ይይዛል እንጂ አይገፋም። እ.ኤ.አ. በ1952 አቦት፣ ቢግላንድና ሪቺ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ብስክሌቶች ጀርባ ለጀርባ በሰንሰለት አገናኝተው፣ አንዱ ፔዳል ሲመታ ሌላው እንዲያግደው አደረጉ። አጋጁ የሚፈጀው ኦክስጅን የመቺውን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ሙከራው በአደባባይ ሲታይ አነስ ያለች ሴት ብዙም ሳትደክም ግዙፉን ባልደረባዋን አድክማዋለች። ማውረድ ርካሽ ነው ማለት ነው። ይሁንና በማግስቱ ታፋ የሚያስይዘውም ይኸው የማውረድ ሥራ ነው፤ አለቃውም የጠቀሰው ይህንኑ ነበር፣ ያውም ገና ሳያመው።

ዘበኛው ለሽምግልና ተጠሩ። ግራ ቀኙን ሰምተው «የመውጫውን ሙሉ፣ የመውረጃውን ግማሽ» ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ከብስክሌቱ ሙከራ ውጤት በጥቂቱ ከፍ ይላል። ልዩነቱ የምን እንደሆነ ሲጠየቁ «የሻይ» ብለዋል።