ስኳር በየማን፥ ማር በጸጋም

ከፍጥረት ሁሉ ቀጥተኛው ብርሃን ነው ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝና፥ ብርሃንም እንደ ሰው ጣፋጭ ነገር ሲያገኝ አቋሙን እንደሚለውጥ ያወቅሁት እጅግ ዘግይቼ፥ ከሙዱላ ወጥቼ በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ፥ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ፥ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው አጮልቄ ባየሁበት ቀን ነው።

መሣሪያው ፖላሪሜትር ይባላል። የሶዲየም መብራት ቢጫ ብርሃን በየአቅጣጫው እየተወዛወዘ ይመጣና፥ በመጀመሪያው ማጣሪያ ሲያልፍ እንደ ሥርዓተ ማኅሌት በአንድ ወገን ብቻ እንዲወዛወዝ ይገደዳል፤ ከዚያም የስኳር ውሃ በተሞላው ቱቦ ውስጥ ሲጓዝ፥ መንገዱን ሳይስት፥ ውዝዋዜው ግን ጥቂት በጥቂት ወደ ጎን ይዞራል። ተመልካቹ በመጨረሻ ያለውን ሁለተኛ ማጣሪያ እያዞረ፥ በፊቱ የሚታየው ክብ ግማሹና ግማሹ እኩል እስኪደበዝዝ ድረስ ይታገሣል፤ የዞረበትንም ዲግሪ ያነባል። ቱቦው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህን ጠባይ በፈሳሽ ውስጥ አይቶ ያስታወቀው ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ቢዮ ሲሆን፥ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1815 ነበር። ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረው እንደ ወንጂ ባለ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ፥ የአገዳው ጭማቂ ስንት ስኳር እንደ ያዘ የሚታወቀው በዚሁ ጥበብ ነው፤ ንባቡንም የሙያው ሰዎች «ፖል» ይሉታል።

እኔና ባልንጀራዬ የታዘዝነው 20 ግራም ስኳር አሟሙተን፥ ብጥብጡን 100 ሚሊ ሊትር አድርሰን፥ በ20 ሳንቲሜትር ቱቦ እንድንለካ ነበር። መልሱ በየማን፥ ማለት ወደ ቀኝ፥ 26.6 ዲግሪ መሆን ነበረበት፤ እኛ ግን ሦስት ጊዜ ብናነብ ሦስት ጊዜ 13.3 ሆነብን። መምህራችን ቁጥሩን አይቶ፥ ቀጥሎም ባልንጀራዬ በመስኮቱ ሥር ያስቀመጣትን የሻይ ብርጭቆ አይቶ፥ «ግማሹ ስኳር ወደ ቱቦው አልገባም፤ እዚያ ነው ያለው» አለና ወጣ። ሌባን ያለ ምስክርና ያለ አውጫጭኝ የሚያጋልጥ መሣሪያ ያየሁት ያን ቀን ነበርና፥ እምነቴን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣልሁ።

በሙዱላ ያለችው አክስቴ በገበያ የሚሸጠውን ማር ከተጠራጠረች ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር። የመሣሪያውን ዝና ስነግራት ሁለት ጠርሙስ አሸከመችኝ፤ አንዱ ከራሷ ቀፎ የተቆረጠ፥ ሁለተኛው ከነጋዴው የተገዛ። ማር በአብዛኛው የሁለት ስኳሮች ማኅበር ነው፤ ግሉኮስ ብርሃንን በየማን ሲያዞር፥ ፍሩክቶስ በጸጋም፥ ማለት ወደ ግራ፥ ይበልጥ በርትቶ ያዞራል፤ ስለዚህ ንጹሕ የአበባ ማር እንደ ልማዱ ወደ ጸጋም ያዘነብላል፥ ስኳር በብዛት የተቀላቀለበት ግን ወደ የማን ይገለበጣል። ሁለቱንም በርዤ፥ አጥልዬ፥ ንባቡ እንዲረጋ አንድ ሌሊት አሳድሬ ብመለከት፥ የአክስቴ በጸጋም፥ የነጋዴው በየማን ሆነው ተገኙ።

ለመስቀል ስገባ ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ፥ የክትፎው ቅቤ እየሸተተ፥ የምሥራቹን ቆሜ አወጅሁ፦ «የገበያው ማር ብርሃንን ወደ ቀኝ መለሰው፤ የአክስቴ ግን ወደ ግራ!»

ቤቱ ጸጥ አለ። በራስጌ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፥ «ልጄ፥ በመጨረሻው ቀን በግራ የሚቆሙት እነማን እንደ ሆኑ ረሳኸውን?» አሉኝ። አክስቴም ማንኪያዋን አስቀምጣ፥ «ይህን ሁሉ አገር አቋርጠህ ሄደህ የኔን ማር ከፍየሎች ጋር አቆምኸው?» አለች። ስለ ፍሩክቶስ ያስረዳሁት ሁሉ እንደ ኃጢአተኛ ሰበብ ተቆጠረብኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ኖሮ፥ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነጋዴው ጋኑን ከፊቱ አቁሞ፥ «የቀኝ ማር! በፊዚክስ የተመረመረ የቀኝ ማር!» እያለ ይጮህ ነበር። ዋጋውን ጨምሯል፤ ገዢው ግን ተሰልፏል። መሣሪያው ሐሰት አልተናገረም፥ እኔም አልዋሸሁም፥ ነጋዴው እንኳ ያን ቀን ከአፉ የወጣው እውነት ነበረ።

ልመለስ ስነሣ አክስቴ አንድ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ ከጓዜ ጋር አኖረችልኝ፤ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፥ «እባክህ፥ ይህን ደግሞ ወደ ቀኝ የሚያዞርልን አዋቂ በዚያ ከተገኘ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

አዋቂ መፈለግ አያሻም ነበር፤ ጥቂት ማንኪያ ስኳር ይበቃው ነበርና። እኔ ግን እሺ ብዬ ጉልበቷን ስሜ መኪና ተሳፈርሁ፤ ጠርሙሱንም ሆሳዕና ከተማ ሳንደርስ፥ በጸጋሙ እንዳለ፥ አብሮኝ ከተሳፈረው ባልንጀራዬ ጋር ጨረስነው።