እስኪያባራ፦ በክረምት ጠጅ ቤት የመገኘት ልማድ፣ መነሻ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ፈረንሳዮች በሬምስ ከተማ ሥር ከኖራ ድንጋይ በተፈለፈሉ ዋሻዎች የሻምፓኝ ወይናቸውን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሲየስ በሚደርስ ቅዝቃዜ ያቆያሉ። ጎብኚም ካፖርቱን ደርቦ፣ ደረጃውን ወርዶ ይቀምሳል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቦላቸዋል። አዲስ አበባ በበኩሏ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የነሐሴ ሌሊቷ ወደ 10 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። ስለዚህ ማንም ሳይቆፍራት የተገኘች የመጠጥ ዋሻ ናት። ይህ ሀብት እስካሁን በወጉ አለመጠናቱ የሚመለከታቸውን ሁሉ ሊያሳስብ ይገባል።

የጥናቱ ዘዴ

አሳታፊ ምልከታ ነው። አጥኚው ከተጠኚዎቹ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ እነሱ ያዘዙትን አዝዟል። የመጀመሪያዎቹ ማስታወሻዎች ይነበባሉ፤ ለኋለኞቹ የእጅ ጽሕፈት ባለሙያ እየተፈለገ ነው።

ግኝት አንድ፦ ሰበብ

ጠጅ ሊጠጣ የገባ አንድም ሰው አልተገኘም። ሁሉም የገባው «እስኪያባራ» ነው። ጃንጥላ የያዙ ተጠኚዎች ለምን እንዳልተጠቀሙበት ሲጠየቁ ነፋሱ እንደሚገለብጠው አስረድተዋል። ማባራቱን የሚያጣራ ሰው በየጊዜው ወደ በሩ ይላካል፤ ሲመለስም «ካፊያው አለ» ብሎ ይቀመጣል። ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ በሚታይበት ሰዓት ሳይቀር ካፊያ ተዘግቧል።

ግኝት ሁለት፦ አቀማመስ

ፈረንጁ ብርጭቆውን አሽከርክሮ፣ አሽትቶ፣ ተጉመጥምጦ ይተፋል። የእኛ ብርሌ ግን አንገቷ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አታስገባም፤ መትፋትም ነውር ነው። በመሆኑም ምርመራው ለዓይን ተትቷል። ቀማሹ አንገቷን በጣቶቹ ይዞ ወደ አምፖሉ ያነሣታል፤ መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ በሞባይሉ ባትሪ ያበራለታል። ድፍርሱን ትኩር ብሎ አይቶ «ማር አለበት?» ይላል። አሳላፊዋ «የጎጃም ማር ነው፣ ጋሼ» ትላለች። ማር ይሁን ስኳር የሚለየው ግን በማግሥቱ ጠዋት በራስ ምታት ነው፤ ውጤቱ አስተማማኝ ቢሆንም ዘግይቶ ይደርሳል። ጥንት በቤተ መንግሥት አሳላፊው ከመዳፉ ላይ አፍስሶ ቀድሞ ይቀምስ ነበር። ዛሬ ይህ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ለደንበኛው ተላልፏል።

ግኝት ሦስት፦ ሙቀት

አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት፣ በወይራ በታጠነ ጋን ይጣላል። ብርድ መፍላቱን ስለሚያዘገየው በክረምት ጋኑ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። በጥናቱ ሥፍራ ከጋኑ በስተቀር በቂ የለበሰ አልታየም። ጠጪው ብርዱን የሚከላከለው በሌላ መንገድ ነው፦ «ለስላሳ ይሁንልኝ፣ ለሆዴ» ብሎ ይጀምርና መካከለኛውን አልፎ ደረቅ ላይ ያመሻል። እርግጥ አልኮል የቆዳን የደም ሥር አስፍቶ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል እንጂ አያሞቅም። ይህ እውነት ለተጠኚዎቹ ሲገለጽላቸው በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ «እሱ ገና አልሞቀውም፤ ጨምሪለት» ብለዋል።

ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ዝናብ ሰውን ጠጅ ቤት ያስገባል የሚለው መላ ምት ውድቅ ሆኗል፤ ቤቱ በበጋም ይሞላልና። ክረምት የሚለውጠው የመውጫውን ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እስኪያባራ ብለህ የምትገባ ከሆነ የታክሲህን ሳንቲም አስቀድመህ ለይተህ ያዝ። ዝናቡ በነፃ ነው፤ ደረቁ ግን ይከፈልበታል።