ዶክተር ዓሣ

ለሕክምና ባንኮክ የሄደ ሰው ከመታከሙ መጠበቁ ይበዛል። ደም ይሰጣል፣ ውጤት ይጠብቃል፤ ራጅ ይነሣል፣ ውጤት ይጠብቃል። አስታማሚ ደግሞ የሚጠብቀውን ሰው ይጠብቃል። እኔ አክስቴን እቴቴን ይዤ የሄድኩ አስታማሚ ነበርኩ። ስኳር ካገኛቸው ከርሟል፤ ልጆቻቸው "እስቲ ከላይ እስከ ታች ይታዩልን" ብለው አዋጥተው ላኩን። ሆስፒታሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ስላለው በቋንቋ አልተቸገርንም። የተቸገርነው በምሽቱ ነው። እቴቴ ሆቴል ተኝተው ጣሪያ የሚቆጥሩ ሰው አይደሉም።

እናም አንድ ምሽት ካኦ ሳን የሚባለው መንገድ ላይ ተገኘን። እዚያ ሰፈር የማይሸጥ ነገር የለም፤ ጊንጥ ሳይቀር ተጠብሶ በስንጥር ተሰክቶ ይቀርባል። እቴቴ ጊንጡን አይተው ደጋግመው አማተቡ። ከጊንጡ አለፍ ብሎ ዙሪያውን መቀመጫ ያለው የመስታወት ገንዳ ነበር። ውስጡ የጣት ቁመት የማይሞሉ ግራጫ ዓሣዎች ይርመሰመሳሉ፤ ፈረንጆች እግራቸውን ነክረው ይንጫጫሉ። አስተናጋጁ ልጅ የእቴቴን ተረከዝ አየና "ዶክተር ፊሽ! ዶክተር ፊሽ!" እያለ መጣ። እቴቴ "ዶክተር" የምትለዋን ለይተው ሰሙ።

"ምንድን ነው የሚለው?"

"ዓሣዎቹ የደረቀ ቆዳ ይበላሉ ነው የሚለው። ይቅርብዎ እቴቴ።"

"ለምን ይቀርብኛል? የደምቢያ ልጅ ሆኜ ዓሣ ልፈራ?"

እሳቸው አያውቁትም እንጂ ለዝምድናውም ቅርብ ናቸው። ዶክተር የተባለው ዓሣ ጋራ ሩፋ ይባላል፤ አገሩ ቱርክ፣ ሶርያ፣ ኢራቅና ኢራን አካባቢ ነው። የጋራ ወገኖች ጣናም ውስጥ አሉ፤ ከነሱ አንዱ በሳይንስ መዝገብ ጋራ ደምቢኤንሲስ ተብሎ በእቴቴ አገር ተሰይሟል። የጋራ ወገን በጠቅላላው ድንጋይ ላይ የሚበቅል አልጌ መጋጥ ይወዳል። ቱርክ ውስጥ፣ ሲቫስ ከሚባለው አውራጃ፣ ካንጋል የተባለ ፍል ውኃ አለ። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የዓሣ ምግብ እምብዛም የለበትም፤ ስለዚህ እዚያ ያሉት ዓሣዎች የታጣቢውን ሰው ቆዳ መልቀም ለመዱ። ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሩቅ ይሄዱበታል። የዶክተርነቱ ማዕረግ የመጣው ከዚያ ነው። የገንዳውን ዓሣ ግን የሚያስርበው ሰው ነው፤ የጠገበ ዓሣ የማንንም ተረከዝ ዞር ብሎ አያይም።

እቴቴ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው፣ ሁለት እግራቸውን ጨመሩ። ዓሣው ሁሉ የፈረንጆቹን እግር ትቶ ወደ እሳቸው ተመመ። አልፈረድኩበትም፤ ሳንቲም የሚውጥ ንቃቃት ያለው ተረከዝ ነው። አጠገባችን ያለችው ልጅ ትጮኻለች፤ እኔ አውራ ጣቴን ነክሬ በሳቅ ፈርሼ አወጣሁ። እቴቴ አልተነቃነቁም።

"አይኮረኩርዎትም?"

"ምኑ?"

"ዓሣው!"

"ነክቶኛል እንዴ?"

ፈረንጆቹ አጨበጨቡላቸው። እኔም ኮራሁ።

ኩራቱ ውስጥ ሆኜ ግን ዓይኔ ውኃው ላይ ወደቀ። ነጭ የቆዳ ብናኝ ይንሳፈፋል፤ ከገንዳው ጥግ አንድ ያገለገለ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። የፔዲኪዩር መቀስ ይቀቀላል፤ ዓሣ ከተቀቀለ ወጥ ነው። ገንዳውን በበረኪና እንዳያጥቡት ዓሣው ይሞታል፤ ለየደንበኛው አዲስ ዓሣ እንዳያቀርቡ ውድ ነው። ከአሥር የሚበልጡ የአሜሪካ ግዛቶች የከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከኢንዶኔዥያ የመጡ ዓሣዎችን መርምረው ሰውን ሊያሳምሙ የሚችሉ ባክቴሪያዎች አገኙባቸው፤ አንዳንዶቹም ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ነበሩ። እውነቱን ለመናገር የእንግሊዝ ጤና ባለሥልጣናት በዚያው ዓመት ጤነኛ ሰው የሚገጥመው አደጋ በጣም ዝቅተኛ ነው ብለዋል። "ስኳር ያለበት ግን አይሞክረው" የሚለውንም አክለዋል። ያክሉ እንጂ፤ ካኦ ሳን ላይ ስኳር አለብዎት ወይ ብሎ የጠየቀን አልነበረም።

እቴቴ ሲወጡ ፎጣው ላይ ቀጭን የደም መስመር ቀረ። ጋራ ሩፋ የሚነክስበት ጥርስ የለውም። በሱ ስም የሚቸረቸረው ቺንቺን የተባለው ግን ሲያድግ ጥርስ ያወጣል፣ ያደማልም። ልጁን የቱ ነው ብዬ ብጠይቀው "ዶክተር ፊሽ" ከማለት የሚያልፍ አይመስለኝም።

በማግስቱ የእግር ምርመራ ነበረን። ሐኪሙ ጫፉ ላይ አጭር የናይለን ክር ያለባት እስክሪብቶ የምታክል ነገር አወጣና፣ በአስተርጓሚዋ በኩል፣ "ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ስነካዎት 'አዎ' ይበሉ" አላቸው። እቴቴ ጨፈኑ። ሐኪሙ አውራ ጣታቸውን በክሩ ነካ፤ ክሩ እስኪጎብጥ። ዝም። ውስጥ እግራቸውን ነካ። ዝም። ሌላውን እግር ነካ።

እቴቴ ሰለቻቸው። "ይጀምር እንጂ፣ ምን ይጠብቃል?"

አስተርጓሚዋ አየችኝ። ማታ ያጨበጨብንለት ጀግንነት ይሄ ነበር። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ እግር ቢቆረጥ፣ ቢቃጠል፣ ቢነከስ ለባለቤቱ አይነግርም። የደም ዝውውሩም ስለሚደክም ትንሿ ጭረት ሳትድን ትቆያለች፤ ከዚያ ወደ አጥንት ከዘለቀች ነገሩ በመቁረጥ ሊያልቅ ይችላል። ከገንዳው ዳር ስትጮኽ የነበረችው ልጅ ጤነኛዋ እሷ ነበረች።

ሐኪሙ ተረከዙ ላይ ያለችውን ጭረት አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አስተርጓሚዋ ስትነግረው መነጽሩን አወለቀ። ጭረቷን አጠበ፣ መድኃኒት ጻፈ፣ ትእዛዝ ደረደረ፦ ባዶ እግር መሄድ የለም፤ እግር መዘፍዘፍ የለም፤ ማታ ማታ ውስጥ እግር በመስታወት ይታያል፤ ጫማ ከመደረጉ በፊት ውስጡ በእጅ ይዳሰሳል። እቴቴ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙና፣ "ያኛውስ ዶክተር አይደለም ነው የሚሉት?" አሉ።

"ዓሣ ነው እቴቴ።"

"እንግዲያው በዚያ በኩል እንለፍ። በዶክተር ሒሳብ ነው ያስከፈለኝ፤ ይመልስ።"