የፑንታው ጉዳይ

ትራፓኖ የገዛ ሰው ግድግዳን በሰላም ማየት አይሆንለትም። ቡና ተጠርቶ ሰው ቤት ሲሄድ ዓይኑ የተሰቀለው ፎቶ ላይ ነው፤ በምን እንደተሰቀለ ያጠናል። ምስማር መሆኑን ሲያረጋግጥ ከንፈሩን ይመጥጣል። "ይቺ እኮ በፊሸር ብትያዝ..." ብሎ ሲጀምር አቦሉ ገና አልቀዘቀዘም፤ የቤቱ እመቤት ግን ግድግዳዋ ሊበሳ መሆኑ ቀድሞ ይገባታል።

እኔ ወደዚህ ማኅበር የገባሁት በጫማ ሰበብ ነው። በር ላይ ለሚከመረው ጫማ መደርደሪያ እንዲሠራልኝ የጠየቅሁት አናጢ የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ፣ ጫማዎቹ በሙሉ ቢሸጡ እንኳ መደርደሪያቸውን እንደማይገዙ ገባኝ። አናጢውን አልፈርድበትም፤ የጣውላ ዋጋ ከእሱ እጅ ውጭ ነው። ግን "ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ" የምትለው ቃል ስንቱን የቢሮ ሰው መርካቶ እንዳወረደች የሚያውቁት የመሣሪያ ነጋዴዎች ናቸው።

መርካቶ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብቶ "ትራፓኖ አለ?" ማለት፣ መድኃኒት ቤት ገብቶ "መድኃኒት አለ?" እንደማለት ነው።

"ጋሼ፣ ኦርጅናሉን ነው የሚፈልጉት ወይስ ዋናውን ኦርጅናል?" አለኝ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ወጣት።

ደረጃውን አስረዳኝ። ዋናው ኦርጅናል የዋስትና ወረቀት አለው። ኦርጅናሉም ያው ነው፤ ስሙ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ትጎድለዋለች፤ ፊደሏ ስትጎድል ዋጋውም አብሮ ይጎድላል። ከዚያ በታች "ደህናው" አለ፤ ከደህናው በታች ደግሞ "ቻይናው"። የዋናውን ኦርጅናል ካርቶን ገልብጬ ሳነብ እሱም የተሠራው ቻይና ነው። ወጣቱ አልደነገጠም። "እሱማ አዎ፤ ግን ያኛው ቻይና ሌላ ነው" አለኝ።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋት ነው። ይህም ስለሚታወቅ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ይበልጣል። ለቤት ሥራ ከ500 እስከ 700 ዋት ያለው፣ አፉ እስከ 10 ወይም እስከ 13 ሚሊሜትር ፑንታ የሚነክስ ይበቃል። ጣት በተጫነው ልክ ፍጥነቱ የሚጨምርና የሚቀንስ፣ ወደ ኋላም የሚዞር ይሁን፤ ለግድግዳ ደግሞ የመዶሻ ሥዕል ያለበት መቀየሪያ አይጥፋው። የቀረውን ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ቀጥ ያለ ረጅም ፑንታ አስነክሶ፣ ሰክቶ፣ ቀስ ብሎ ማስነሳት ነው። የፑንታው ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ ከዞረ አፉ ደህና ነው፤ ጫፉ አየር ላይ ክብ ከሠራ ግን 5 ሚሊ ልበሳ ሲሉት 6 ሚሊ ይበሳልዎታል። በጎኑ ባለው የአየር ማስገቢያ በኩልም አጮልቆ ማየት ነው። ካርቦኖቹ ጋ ትንሽ ብልጭ ብልጭ ማለቱ ያለ ነው፤ ርችት ከሆነ ግን መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ማስተኛት ነው። ወጣቱ ይህን ሁሉ ሳደርግ ሲያየኝ ቆየና፣ "ጋሼ፣ የመንግሥት ግዢ ነው እንዴ?" አለኝ።

ትራፓኖ ሽጉጥ የመሰለው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። በ1895 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ውስጥ፣ ፋይን የተባለው ፋብሪካ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ትራፓኖ ሲሠራ ሁለት እጅ የሚፈልግ ከባድ ነገር ነበር። የሽጉጥ እጀታና ቃታ ያበጁለት ብላክና ዴከር የተባሉ ሁለት የባልቲሞር ሰዎች ናቸው፤ ፓተንቱን ያገኙት በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ወንድ ልጅ ትራፓኖ ሲጨብጥ ትከሻው ሰፋ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ይህን ታሪክ ለባለቤቴ ብነግራት፣ "እሺ፣ አሁን ቃታውን ልቀቅና መደርደሪያውን ሥራ" አለችኝ።

ባልቲሞር ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ሜሪላንድ ከተባለ ሲልቨር ስፕሪንግ አለ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ ደግሞ ዘመድ አይጠፋም። "መርካቶ ምን አንከራተተህ? ላክልኝ አትለኝም ነበር?" የሚል ዘመድ። ለአንድ ጎረቤታችን እንዲህ ያለው ዘመድ ትራፓኖ ይዞለት መጣ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ጎረቤታችን ቤተሰቡን ሰብስቦ ሰካው። ትራፓኖው ሠሪዎቹም አይተውት በማያውቁት ፍጥነት ለጥቂት ሰከንድ ዞረ፤ ከዚያ ሳሎኑን ጢስ ሞላው፤ ልጆቹም አጨበጨቡ።

ባለባትሪው ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ገመድ አይጎትትም፣ መብራት ቢሄድም አይቆምም፣ አንገቱ ላይ ያለችው ባለቁጥር ቀለበት ብሎን ሲጠብቅ ራሷ ትለቃለች። የአሜሪካው ከሆነ ግን ቻርጀሩ ብዙውን ጊዜ ያንኑ 120 ቮልት ይጠይቃል። ትርፍ ባትሪው ደግሞ አውሮፕላን ላይ በእጅ እንጂ በሻንጣ አይሄድም፤ ይህን የማያውቅ ዘመድ ትራፓኖውን ይዞ ይገባል፣ ባትሪው እዚያው ይቀራል። "18 ቮልት" እና "20 ቮልት" ተብሎ ዋጋ የሚለያይበትም ነገር አለ። የሁለቱም ባትሪ ውስጥ ያሉት የተሰለፉ አምስት ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል ሞልቶ ሲነሳ 4 ቮልት ግድም፣ ሥራ ላይ 3.6 ቮልት ግድም ነው። አንዱ ፋብሪካ በሞላ ጊዜ ቆጠረው፣ ሌላው በሥራ ላይ። ለሁለቱ ቮልት ተጨማሪ የሚከፍል ሰው ለሒሳብ ስሌት ነው የከፈለው። እኔ ኪሱ ለሳሳ ጀማሪ የምመክረው ባለገመዱን ነው። በዚያው ብር የተሻለ ሞተር ይገኛል፤ ከዓመታት በኋላም "የዚህ ሞዴል ባትሪ ቀርቷል" የሚል የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ወሬ ስለ ማሽኑ ነው፤ እንጨቱን የሚበሳው ግን ፑንታው ነው። ይህን ለማመን የሰው ልጅ ለምን እንደሚቸገር አላውቅም። ገንዘቡን ማሽኑ ላይ አራግፎ ሲያበቃ "ፑንታ መርቅልኝ" ይላል። ነጋዴው ደስ እያለው ይመርቅለታል፤ የተመረቀው ፑንታ የመጀመሪያውን የባሕር ዛፍ ሞራሌ ሲነካ አንገቱን ይደፋል። የእንጨት ፑንታ ጫፉ መካከል ላይ እሾህ የመሰለች ሹል አለችው፤ እሷ ናት ቀድማ ተተክላ እንዳይንሸራተት የምትይዘው። የግድግዳው ጫፉ ላይ ከግንዱ ሰፋ ያለ ጠንካራ ብረት ተበይዶበታል። የብረቱ ደግሞ ሌላ ነው። ያለቦታው ያዋላቸው ሰው እንጨቱን ያኝካል፣ ወይም ግድግዳው ላይ ፑንታውን ሰማያዊ እስኪሆን ያቃጥላል። አንድ ባለ 3 ሚሊ ጥሩ የእንጨት ፑንታ ግን ባሕር ዛፍን ከመሰንጠቅ ያድናል። 4 ሚሊ ብሎን ከማስገባት በፊት በእሷ መንገድ መጥረግ ነው፤ ብሎኑ ሳይታገል ይገባል።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ የራሱ ጸባይ አለው። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው። ልስኑን አልፎ፣ ብሎኬቱን ጥሶ፣ ድንገት ወለል ይላል፤ ትራፓኖውም ገፊውም ባንድ ላይ ግድግዳውን ይሳለማሉ። አጭር ፊሸር ከገባበት ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ሲወርድ ድምፁ ይሰማል። ያ ፊሸር ከዚያ በኋላ የሕንፃው ንብረት ነው።

ለእጅ መሣሪያ ምናለሽ ተራን የሚያህል የለም። ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ብረት እዚያ ደርሶ ይታጠፋል፣ ይቀጠቀጣል፣ ስለት ይወጣለታል፤ የመኪና ባሌስትራ የነበረው መጥረቢያ ሆኖ ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ዕቃቸውን ማዳበሪያ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እኔ ዓይኔ ያረፈው መሮ ላይ ነው።

"አባቴ፣ ይሄ መሮ ስንት ነው?"

"ምን ልትሠራበት?"

"የጫማ መደርደሪያ።"

"ታዲያ መሮ ምን ያደርግልሃል? ተወው" አሉኝ።

መርካቶ ውስጥ ሻጭ "ተወው" ሲል መስማት ያስደነግጣል። መጋዙን አነሱና ጎንበስ አድርገው ለቀቁት፤ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በጥርሱ በኩል እንደ መስመር አዩት፤ ለእኔም አሳዩኝ። ቀጥለው ስኳድራ አነሱ። ቁራጭ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፈው በእርሳስ መስመር ጣሉ፤ ስኳድራውን ገልብጠው ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር ጣሉ። ሁለቱ መስመሮች ጫፋቸው ላይ ተለያዩ። ሽማግሌው ያንን ስኳድራ ወደ ጎን ወረወሩትና ሌላ ሞከሩ፤ ይኼኛው መስመር በመስመር ላይ ተኛ። "ይሄን ውሰድ፤ ያንን የሚወስድ አይጠፋም" አሉኝ። ከተማችን ውስጥ የማይገጥም በርና መስኮት ሁሉ ከየት እንደመጣ የዚያን ቀን ገባኝ።

መጋዝ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ መዶሻ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨት ኮላ። ከዚህ በላይ የሚገዛ ጀማሪ መሣሪያ እየሰበሰበ እንጂ እንጨት እየሠራ አይደለም። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ ምስማርም ኮላም አይነካውም፤ መቀመጫነቱን ግን ማንም አይጠራጠርም። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፤ እንጨቱን ጠረጴዛ ላይ ነክሶ የሚይዝ ሞርሴቶ። ሞርሴቶ የሌለው ሰው ልጁን ነው የሚጠራው። "ያዝልኝ፣ አትነቃነቅ" እያለ የልጅ ጣት አጠገብ ፑንታ ያሽከረክራል። ጋቢ ለብሶ የሚበሳም አይቻለሁ፤ የጋቢውን ጥለት ፑንታው አንዴ ከያዘው ማን ማንን እንደሚጎትት አይታወቅም። ጓንትም ያው ነው፤ ዓይን መነጽር ይፈልጋል እንጂ እጅ ባዶውን ይሻላል።

መደርደሪያው ተሠራ። ቆሟል፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልናገርም። ሰፈሩ ግን የሰማው መደርደሪያውን ሳይሆን ድምፁን ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትራፓኖ አንዴ ካጓራ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ "ማን ጋ ነው?" ይባላል። ከዚያ በሩ ይንኳኳል። መጋረጃ አለ፣ መስታወት አለ፣ የወንድም ልጅ ሰርግ አለ። ትራፓኖው ሁልጊዜም ተጠርጎ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ከብዙ ምስጋና ጋር ይመለሳል። አፉ ውስጥ የነበረው ፑንታ ግን የለም። "እሷማ ተሰበረች" ይላሉ፤ የሞተ ዝንብ የጠቀሱ ያህል እንኳ ድምፃቸው አይለወጥም።

ስለዚህ ጉዳዩን እድር ላይ አቀረብሁ። እድራችን ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚፈለግ ዕቃ በጋራ ይገዛ የሚለውን ነገር ከእኛ የተሻለ የሚያውቀው የለም። አንዲት እናት፣ "ለቅሶ ላይ ትራፓኖ ምን ያደርጋል?" ብለው ጠየቁ። ዳኛው አግዳሚ ወንበሮቹ መላላታቸውን አስታወሱ፤ ግዢው በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ጭቅጭቁ የተነሳው ፑንታው ላይ ነው። "የሰበረ ይተካ" የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ "የድስት ክዳን የጠፋበት ይከፍላል፣ ፑንታም ክዳን ነው" ተባለ። መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ አባት ተነሡ። "ፑንታ አላቂ ዕቃ ነው፤ አላቂ ዕቃ ላይ ቅጣት የለም" አሉ። ጸሐፊው፣ "የድንጋዩ ቋሚ፣ የእንጨቱ አላቂ ተብሎ ይመዝገብ" ሲል ስብሰባው ለሁለት ተከፈለና ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ግዢው እስኪፈጸም የእኔው ትራፓኖ በጊዜያዊነት እንዲያገለግል ተወስኗል። ፑንታ ተዋሹ ይዞ ይመጣል።