ዘለበት ያለው ጫማ

ወለጋ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ሲበር አይደለም፤ ሊቆም ሲል ነው። ቡናህን ፉት በልና ስማኝ፣ ወዳጄ። ክረምት ገብቶ ቀዩ አፈር ሲርስ ላዩ ሳሙና ነው፣ ሥሩ ግን ይዞ አይለቅም። ቀስ ስትል የፊት ጎማው ወደ ጎን ይሸሻል። አንተም ማንም ሰው የሚያደርገውን ታደርጋለህ፤ እግርህን ትዘረጋለህ። የዘረጋኸው እግር ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ይቀራል፣ መቶ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ሞተር ደግሞ በዚያው በኩል ይተኛል። ቁርጭምጭሚትህ ከመርገጫው ብረትና ከድንጋይ መካከል ነው።

የኔ ቁርጭምጭሚትም እንዲሁ ነው የተያዘው። ከነቀምቴ ወደ ዲጋ ሲኬድ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ገጠር የሚገባ መንገድ አለ። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት የያዘ የበረዶ ሳጥን ከኋላዬ አስሬ ነበር። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው፤ ከብቱ ወደ እኛ አይመጣም፣ እኛ ነን ወደ ከብቱ የምንሄደው። ሳጥኑ ምንም አልሆነም። እኔን ግን ሁለት እረኞች ከሞተሩ ሥር ጎትተው አወጡኝና ዳገቱን ደግፈው አወጡኝ።

ነቀምቴ ስደርስ «አዴ» የምላቸው የቤት አከራዬ ወጌሻ አስጠሩ። ወጌሻው እግሬን በቅቤ እያሹ፣ «አጥንት አይደለም ልጄ፣ ጅማት ነው የዞረው» አሉና በአንድ ጊዜ ሲመልሱት የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ከዚያ በኋላ አዴ አንጮቴ ሲያበሉኝ ሰነበቱ። አንጮቴን ካላወቅኸው ወለጋን ገና አላወቅኸውም ማለት ነው፤ ከመሬት ሥር የሚወጣ ሥራ ሥር ሲሆን ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በቅቤና በቅመም ይቀርባል። ለመስቀል የሚታጣበት ቤት የለም። የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ብለው ስለሚያምኑም ለወለደች ሴትና ለወደቀ ሰው ይሰጣል። «የኔ እኮ አልተሰበረም» ብላቸው አዴ፣ «እንግዲያው ቀድሞ ይጠንክር» ብለው ጨመሩልኝ። እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ነው ጫማ ልግዛ ብዬ የቆረጥኩት።

እግሬ ረገጥ ረገጥ ማድረግ ሲጀምር ገበያ ወጣሁ። ነቀምቴ ጫማ ሞልቷል። ቀድሞ የሚታየው የላስቲክ ቦቲ ነው፤ ገበሬውም ሞተረኛውም የሚለብሰው እሱን ነው። ውሃ አያስገባም፣ በባልዲ ውሃ ይታጠባል፣ ዋጋውም ይቻላል። ግን ቁርጭምጭሚቱ ላይ በእጅህ ጨመቅ አድርገው፤ ይታጠፋል። እጅ የሚያጥፈውን ሞተር ምን ያደርገዋል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ቀጥሎ ከስክሱ አለ፣ የወታደሩ። ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ቆዳው ወፍራም ነው። ነቀምቴ ግን ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፣ ዝናቧም በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ሐምሌ ላይ የራሰ ከስክስ ምድጃ አጠገብ ቢያድርም ጠዋት እርጥብ ነው። በዚያ ላይ ክሩ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ይጠመጠማል። ሦስተኛው ብረት አፍንጫ ያለው ሴፍቲ ነው፣ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት። ጣትህን ያድናል፤ ቅልጥምህን አያውቀውም። አፍንጫው ወፍራም ስለሆነም ማርሹ ሥር አይገባም።

የፈለግኩት በስልክ ያየሁትን ነበር። ሞቶክሮስ የሚወዳደሩ ልጆች ጉብታ ላይ ዘለው ሲወድቁ፣ ሞተሩ ሲከመርባቸው፣ ተነስተው ሲሮጡ አይቻለሁ። እግራቸው ላይ ያለው እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ ጠንካራ ጫማ ነው። ቅልጥሙ ላይ የፕላስቲክ ጋሻ አለው፣ ቁርጭምጭሚቱ በማጠፊያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ይንቀሳቀሳል እንጂ ወደ ጎን አይጠመዘዝም፣ ሶሉ ውስጥ ደግሞ እግር እንዳይታጠፍ የሚያደርግ ደንዳና ሳንቃ ተሰፍቷል። ዝነኞቹ አምራቾች የተነሱት ሰሜን ጣልያን፣ አዞሎና ሞንቴቤሉና በሚባሉ ጎረቤታሞች ከተሞች አካባቢ ነው፤ ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ጋየርኔ በ1962፣ አልፓይንስታርስ በ1963 ተመሠረቱ። አካባቢው አስቀድሞ የተራራና የበረዶ ጫማ ሰፊዎች አገር ነበር። ተራራ ለሚወጣ ሰው ቁርጭምጭሚት መያዝ የሚያውቅ ጫማ ሰፊ ለሞተረኛ ቢሰፋ ምን ይገርማል?

አውሮፓውያን ለዚህ ጫማ መለኪያም አውጥተውለታል፤ ኢኤን 13634 ይባላል። ጫማው ውስጥ በተሰፋው ምልክት ላይ አራት ቁጥሮች ይደረደራሉ፣ እያንዳንዱ 1 ወይም 2 ነው። የቁመቱ፣ የመፋተግ ጥንካሬው፣ ስለት የመቋቋሙና ከጎን ሲጨመቅ የመቋቋሙ ደረጃ ነው። ለእኛ አገር ዋናው የመጨረሻው ነው፣ የመጨመቁ። አስፋልት ላይ የሚንሸራተት ሰው ስለ መፋተግ ያስብ፤ ጭቃ ላይ የሚተኛ ሰው ግን ሞተሩ ሲጫነው እግሩ ይተርፍለት እንደሆነ ይጠይቅ።

ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ የአንድ ጓደኛውን አሮጌ ጥንድ አግኝቶ በሰው እጅ አዲስ አበባ ድረስ ላከልኝ። ልቀበል ሄድኩ፤ ስመለስ ጫማውን ይዤ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአምቦና በባኮ በኩል። ጫማው ፌስታል አልገባ አለ፣ ረዳቱም ጣራ ላይ ልጫነው ሲል ፈራሁለት፤ ጭኔ ላይ አቆምኩት። ያን ጠንካራ ነጭ ነገር ከነዘለበቱ ያዩት አጠገቤ የተቀመጡ እናት አምቦ እስክንደርስ ዝም አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ከየትኛው እግርህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ቁርጭምጭሚቴን የጠየቁኝ መስሎኝ፣ «ከግራው» አልኩ። «እግዜር ይማርህ» ብለው ተነሱና እግሬን እንድዘረጋ በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ቦታው ከተያዘ በኋላ ነገሩ ገባኝ፤ ለታመመ እግር የሚታሰር መስሏቸዋል። ላስረዳ አፌን ብከፍት ከኋላ ያሉት ሁሉ «አይዞህ» አሉኝ። እስከ ባኮ ድረስ በቆሎ እሸትና ሙዝ ሲቀርብልኝ ነበር። ባኮ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ስወርድ በሁለቱም እግሬ ቀጥ ብዬ ስሄድ አይተው፣ «ተመስገን» አሉ፤ ያቺን ተመስገን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ነቀምቴ እንደገባሁ መጀመሪያ ማርሽ ማስገባት አቃተኝ። ይህን ለሚገዛ ሰው ሁሉ እነግራለሁ፤ የጫማው አፍንጫ ከተራ ጫማ በእጅጉ ይወፍራል፣ ማርሽ መቀየሪያው ደግሞ ለተራ ጫማ ነው የተስተካከለው። መካኒኩ ብሎኑን ፈታና መቀየሪያውን ከጥርሱ አውጥቶ አንድ ጥርስ ከፍ አድርጎ መለሰው። አለቀ። የቀኙን የፍሬን ፔዳል ግን በትንሹ ነው የሚነኩት፤ ጫማው ደንዳና ስለሆነ እግርህ ምን ያህል እንደረገጠ አይነግርህም፣ የኋላ ጎማ ይቆለፋል።

ከዚያ የክትባቱ ቀን መጣ። የምሄድባት በዲጋ አልፎ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ቆላ ከመውረዱ በፊት ያለች መንደር ናት። መንገዱን በደንብ ሄድኩት፤ አንዴም ሞተሩ ግራ እግሬ ላይ ተኝቶ፣ እግሬን እንደ ልቤ ሳብኩት፤ ቁርጭምጭሚቴ ምንም አልተሰማውም። ወንዝም ተሻገርኩ። የሞቶክሮስ ጫማ ግን ቦቲ አይደለም፤ ውሃ በአፉ ከገባ መውጫ የለውም።

ከብቱ ተከትቦ ሲያልቅ የቤቱ አባወራ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም አሉ። ቤቱ ተጠርጓል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። የቤቱ እመቤት፣ እሳቸውንም አዴ ነው የምላቸው፣ ሙቅ ውሃ በገበታ ይዘው ብቅ አሉ፤ እንግዳ እግሩ ይታጠባላ። ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀመጥኩና ዘለበቱን ልፈታ ጎንበስ አልኩ። አራት ዘለበት በአንድ እግር። ጥርስ ያለው ማሰሪያ ዘለበቱ ውስጥ ገብቶ ይታጠፍና ይቆለፋል፤ ሲከፈት በአውራ ጣት ብድግ ነው። ያን ቀን ግን ቀዩ ጭቃ በየጥርሱ ገብቶ ፀሐይ አድርቆታል። ጣቴ ተላጠ። አዴ ውሃውን እንደያዙ ቆመዋል። «በቀስታ» አሉ። ልጃቸው ሚስማር አመጣ። ሌላው ልጅ ቢላዋ። አባወራው፣ «ቢላዋውን መልስ፣ የሰው ንብረት ነው» አሉና እሳቸው ተንበርክከው ውሃውን በእጃቸው እያፈሰሱ ጭቃውን ያለሰልሱ ጀመር። እሳቸውን የሚያህል ሰው እግሬ ሥር! «ኦቦ፣ ይተዉት» ብል አልሰሙኝም።

ዘለበቱ ተፈታ፤ ጫማው ግን በውሃ ተጣብቆ አልወጣም። እኔ የቤቱን ምሰሶ በሁለት እጄ ያዝኩ፣ ኦቦ ተረከዙን ያዙ፣ ልጆቹ ወገባቸውን። ሳቡ። አልመጣም። ደግመው ሲስቡ ጫማው አንዴ ወጣና እነሱ ወደ ኋላ ተቀመጡ፤ ውስጡ የነበረው የወንዝ ውሃ ደግሞ ሁሉ ቄጤማው ላይ ፈሰሰ። ያን የመሰለ ቄጤማ። ሬከቦቱ አጠገብ የነበረችው ልጅ ሲኒዎቹን ወደ ላይ አነሳች። ፊቴ እንደ ምድጃ ጋለ። ኦቦ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ጫማውን ገለባበጡና፣ «ገምባሌ ነው እኮ!» አሉ። አባታቸው የአካባቢው ገዥ በነበሩት በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ዘመን ፈረስ የሚጋልቡ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ጋላቢው ባዶ እግሩን ነበር፤ ርካቡን በአውራ ጣቱ ነው የሚይዘው። «ስንቱ ጋላቢ ጣቱን ጥሎ መጣ» አሉ።

አዴ እግሬን ሲያጥቡ ዝም ብለው ነበር። ከዚያ ጫማውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ውስጡን በእጃቸው ዳሰሱት። ቀሚሳቸው ከፍ ሲል እግራቸውን አየሁ፤ ከጣቶቹ ጀምሮ ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረ። ዝሆኔ ነው። እሳቸው በልጅነታቸው በዚሁ ቀይ አፈር በባዶ እግር ያረሱ፣ የለቀሙ፣ ውሃ የቀዱ ናቸው። ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ ከትል አይመጣም፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ካለ ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ውስጥ የደቀቁ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ ገብተው የሚያመጡት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲመራመሩ ነው ነገሩን የገለጡት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ውስጥ ከመቶ 2.8 ያህሉ ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት አግኝቷል። መከላከያውም በዋናነት ጫማና ሳሙና ነው። አዴ፣ «የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጫማ አላቸው፤ ከብት ሲጠብቁ ግን አውልቀው ይይዙታል፣ እንዳያልቅ» አሉኝ። ቡናውን እስከ ሦስተኛው ጠጣን። እርጥቡን ቄጤማ ሰብስበው ሌላ ጎዘጎዙ።

አሁን ጫማውን ነቀምቴ ያለ ጫማ ሰፊ አሻሽሎልኛል። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ሰፋ ያለ ቀለበት ቆርጦ ዘለበቶቹ ላይ አለበሰልኝ፤ ጭቃ አይገባም፣ ለመፍታት ወደ ታች መግፈፍ ብቻ ነው። ተረከዙ አጠገብም ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ በሳልኝ። እኔ የተሻለ የሞቶክሮስ ጫማ አላውቅም፤ ለረጅም የእግር መንገድ ግን አይሆንም፣ ስለዚህ ኮንጎ ጫማ ከሳጥኑ ጋር አስራለሁ።

ለባልደረባዬ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ነው፣ ሞተር ተረክቧል፣ ጀርመን ዘመድ የለውም፣ ደመወዙም የዚህን ጫማ ዋጋ አይደፍርም። ተከራክረን የደረስንበት ይኸ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ከስክስ፣ ክሩ ውስጥ የሚገባ፣ ላዩ ሰም የተቀባ፣ ከካልሲው ሥር ደግሞ የኳስ ተጫዋቾች የቅልጥም መከላከያ፣ ለቁርጭምጭሚቱ በጎን ተጨማሪ ስፖንጅ ያለው ዓይነት። ከጎን ለሚጫን ሞተር ሙሉ መልስ አይደለም፤ ከቦቲው ግን በብዙ ይሻላል። የስፖርት ዕቃ ሱቅ አብረን ገባን። ባለሱቁ ሁለታችንን ከላይ እስከ ታች አየና የልጁን ጉልበት ለክቶ፣ «የት መስመር ነው የምትጫወቱት?» አለ። ልጁ መከላከያውን ቅልጥሙ ላይ እየሞከረ፣ «እሱ ዲጋ መስመር፣ እኔ አርጆ» አለው።