ጋሼ፣ የጾም ላድርገው?

ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር የጀመርኩት በመንፈሳዊ ቅናት ተነሳስቼ እንደሆነ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ። ያመኑኝም አሉ፤ እናቴን ጨምሮ። እውነቱ ሲወጣ ግን የጠራኝ ማይክ ነው። ማይክ ስይዝ ድምፄ ይወፍራል፣ ትከሻዬ ይሰፋል፣ የማላውቀውን ሁሉ የማውቀው ይመስለኛል። የአጥቢያችን አዳራሽ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ወደ አየር ጤና በኩል፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነው። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ሲያዛጋ ከፊት ይሰማል። ማይክ የሚያስፈልግበት አንዳች ምክንያት የለም። እኔ ግን "ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ፣ ሁለት" ሳልል ጸሎት አላስጀምርም።

ድምፁም ቢሆን የራሴ አይደለም። ከዩቲዩብ ሰባክያን የተውጣጣ ነው፤ አጀማመሩ ከአንዱ፣ ማሳረፊያው ከሌላው፣ መሐል ላይ የምትመጣው ሳል ደግሞ ከሦስተኛው። አንድ ቀን እራት ላይ በዚሁ ድምፅ ጨው ስጠይቅ ባለቤቴ "አሜን" ብላ አቀበለችኝ።

የማስተምረው ማዕከላውያን የሚባለውን ክፍል ነው፤ ሕፃናት ያልሆኑ፣ ወጣት ለመባልም ትንሽ የቀራቸው ልጆች። ቃለ ዓዋዲው የሰንበት ተማሪን ዕድሜ ከ4 እስከ 30 ዓመት ያደርገዋል። እኔ ከላይኛው ጫፍ ካለፍኩ ሰንብቻለሁ። "መምህር" የምትለዋ ስም ባትደርስልኝ ኖሮ መታወቂያዬን ተቀምቼ ነበር።

በመጀመሪያ ያስተማርኩት ስለ አዳምና ሔዋን ነው። ሥዕል እችላለሁ ብዬ አምናለሁ፣ ይሄ ሌላው ችግሬ ነው። ሰሌዳው ላይ አዳምን፣ ሔዋንንና እባቡን ሣልኩ። እባቡ የአትክልት ማጠጫ ጎማ መሰለ፤ አዳም ደግሞ እባቡን መሰለ። ከዛፉ ላይ ፖም አንጠለጠልኩ። ሔዋን መቅመሷን ለማሳየትም ፖሙን በቀኝ በኩል ገመጥ አደረግኩት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

"አይፎን!"

በማይክ ገሥጬ ጸጥ ካሰኘኋቸው በኋላ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። "ጋሼ፣ መጽሐፉ ፖም አይልም'ኮ። የዛፉ ፍሬ ነው የሚለው። በእኛ ደግሞ ዕፀ በለስ ነው የሚባለው።" ልክ ናት። አያቴም ስትተርክልኝ ያደግኩት በለስ ብላ ነው። እኔ ፖሙን ከየት አመጣሁት? ከፈረንጅ ሥዕልና ከካርቱን ፊልም። ለራሴ ልጆች ዋጋውን ጠይቄ መልሼ የማስቀምጠውን ፍሬ ለአዳም በነፃ አደልኩት።

ጂኦግራፊም ሞክሬያለሁ። "ጌታችን የተሰቀለው የት ነው?" ብዬ ስጠይቅ ከፊት ያለው ትንሹ ልጅ "ቀራንዮ!" አለ። "ጎበዝ! ቀራንዮስ የት ነው?" "መድኃኔዓለም ጋ። ታክሲ አለው።" ልጁ ምን ያድርግ? ክፍለ ከተማው ስሙን የወሰደው ከዚያው ሰፈር ነው፤ ቀራንዮ መድኃኔዓለም በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የተተከለ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የነበረ ደብር ነው። እኔ ግን ሳቅኩበት። የሊቅ ሳቅ፣ ራስ እየተነቀነቀ የሚሳቀውን። ከዚያ በቁም ነገር የቅድስት አገርን ካርታ ሣልኩና ቤተ ልሔምን ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን አስቀመጥኳት። ከተማዋ ያለችው በስተ ደቡብ ነው፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሰብአ ሰገል የእኔን ካርታ ይዘው ቢነሱ ኖሮ እስካሁን ሰው እየጠየቁ ነው።

ትምህርት ከሰፈር ጋር ሲያያዝ ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። ስለ ይቅርታ ሳስተምር ከዮሴፍና ከወንድሞቹ ተነስቼ ማንዴላ ላይ ዘለልኩ። "ሃያ ሰባት ዓመት ታስሮ ይቅር አለ! ይህ ሰው በ1954 ዓ.ም. የት ነበር? እዚሁ ኮልፌ! ምን ሊማር መጣ?" የሚቀጥለውን አዘጋጅቼዋለሁ፤ "ትዕግሥት" ልል ነው፣ ከዚያ ሳሏ ትመጣለች። አባቱ ፖሊስ የሆነ ልጅ ቀደመኝ።

"ተኩስ። ፈጥኖ ደራሽ ማሠልጠኛ ነው የገባው። ፈንጂም ተምሯል።"

ቤቴ ገብቼ አነበብኩ። ልጁ አልተሳሳተም፤ ከአሠልጣኞቹ መካከል ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሳይቀሩ አሉበት። ማንዴላ ያን ጊዜ ኮልፌ የመጣው የትጥቅ ትግል ሊማር ነበር። በሚቀጥለው እሁድ "ባለፈው ምን ተማርን?" ብዬ ስጠይቅ አዳራሹ በአንድ ድምፅ "ፈንጂ!" አለኝ። አንዲት ልጇን ልታደርስ የመጣች እናት በር ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

ይህ ሁሉ እዳው ገብስ ነው። የሰማንያ አሐዱው ግን ዛሬም ሌሊት ያባንነኛል።

"ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው መጻሕፍት 81 ናቸው፤ 46 ብሉይ፣ 35 ሐዲስ" ብዬ አወጅኩ። ቁጥር መጥራት ደስ ይለኛል፤ ቁጥር የጠራን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ያቺ የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ጠየቀች። "ጋሼ፣ ይቁጠሩልን።" ተንኮል ቢኖራት በወደድኩ። ደብተሯን ከፍታ፣ በመስመር የተሰመረ ገጽ ላይ ከ1 እስከ 81 ቁጥር ጽፋ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ነው የጠበቀችኝ።

ዘፍጥረት፣ ዘጸአት ብዬ ተነሳሁ። እስከ መጽሐፈ ነገሥት በጥሩ ፍጥነት ተጓዝኩ፤ እንዲያውም ራሴን በራሴ አደነቅኩ። ደቂቀ ነቢያት ጋ ስደርስ መንገዱ ጠበበ። "አሞጽ፣ ሚክያስ፣ ኢዩኤል፣ አብድዩ፣ ዮናስ፣ ናሆም... ሚክያስ..."

"ሚክያስን ቆጥረውታል" አለች።

"ለአጽንዖት ነው" አልኩ።

ሦስቱን መቃብያን አንድ ብዬ አለፍኩ። ሐዲስ ኪዳን ላይ ሃያ ሰባቱን እንደ ምንም ጨርሼ ዘወር ስል ገና ስምንት ይቀራል፤ የሥርዓት መጻሕፍቱ። ላብ ጀመረኝ። ከኋላ ረድፍ የአብነት ትምህርት የቀጸለ አንድ ዲያቆን አለ፤ ሊያድነኝ ብሎ በሹክሹክታ "አብጥሊስ" አለኝ። አብጥሊስ ከሲኖዶስ መጻሕፍት አንዱ ነው። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ጻድቅ መሰለኝ።

"አዎ፣ ጻድቁ አብጥሊስም አሉ" አልኩ በማይክ፤ "በረከታቸው ይደርብን።"

ልጆቹ በአንድ ድምፅ "አሜን" አሉ። ዲያቆኑ ነጠላውን አፉ ላይ ጠቅልሎ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ከመርሐ ግብሩ በኋላ አንዲት ባልቴት ደጀ ሰላሙ ጋ ጠብቀው ያዙኝ። "ልጄ፣ የኚህ የአብጥሊስ ገዳማቸው የት ይሆን? ስለት ነበረብኝ።"

"ሩቅ ነው እማማ" አልኳቸው።

ሄኖክም አለ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በእኛው ግእዝ ብቻ መሆኑን በየአጋጣሚው እጠቅሳለሁ፤ ሰው ያደንቃል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ገብቷል። ሰውየው ያንን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ነው ያደረሰው። እኔ ዘንድ መጽሐፉ ከራስጌዬ ነው፣ ያውም በአማርኛ። መነጽሬን አስቀምጥበታለሁ።

አሁን ወደ ጾመ ነነዌ ልግባ። ሦስት ቀን ናት፤ ሰኞ ገብታ ረቡዕ ታበቃለች። ሁለት ወር ገደማ የሚጾም ሕዝብ ሦስት ቀን ምን ያደርገዋል? በዋዜማው እሁድ ዮናስን አስተማርኩ። ወደ ነነዌ ሂድ ቢባል ኢዮጴ ወርዶ የተርሴስ መርከብ መሳፈሩን፣ ማዕበሉን፣ ዓሣውን ሁሉ። "ከእግዚአብሔር ፊት ማን ይሸሻል? ማን ይሸሻል?" እያልኩ ስደጋግመው ማይኩ እንኳ ፈርቶ ጮኸ።

ሰኞን በስፕሪስ አለፍኩ። ራስ ምታቱን ለሰማዕትነት ቆጠርኩት። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እግሬ አየር ጤና አንድ ካፌ ውስጥ ይዞኝ ገባ። እግሬ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም። ጥግ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ "ማኪያቶ፣ ወተት የበዛበት" አልኩ። መልስ ሲዘገይ ቀና አልኩ። አስተናጋጁ የእኔው ክፍል ልጅ ነው። በሴሚስተር ዕረፍት አጎቱን ሊያግዝ ገብቶ ኖሯል።

"ጋሼ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "የጾም ላድርገው?"

ጨዋ ልጅ ነው። በር ከፈተልኝ። "እሺ" ብዬ መውጣት ስችል ምን ብል ጥሩ ነው? "አይ፣ ለሚመጣ ሰው ነው ያዘዝኩት።" ማን ነው አላለኝም። ማኪያቶውን አምጥቶ ፊት ለፊቴ ባዶው ወንበር ጋ በአክብሮት አስቀመጠው፤ ማንኪያውን አስተካከለ፣ ስኳሩን አስጠጋ። ለእኔ ስፕሪስ አመጣልኝ። ስፕሪሱም ቢሆን ሰዓቱ ሳይደርስ ነው፤ ግን ዝርዝር ውስጥ የምገባበት ሁኔታ ላይ አልነበርኩም። ያ አረፋ እንዴት ያምር ነበር። ላዩ ላይ ቡናማ ቅጠል ተሥሎበታል። ቅጠሉ መጀመሪያ ጫፉ ሟሸሸ፣ ቀጥሎ ግንዱ፤ በመጨረሻ ስስ ቆዳ አውጥቶ ተኛ። ልጁ በየመሐሉ ብቅ እያለ በሩን ያያል፤ እንግዳዬ ዘገየበት። የሁለቱንም ከፍዬ ወጣሁ።

ወደ ቤቴ የሄድኩ መስሏችኋል? ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። እዚያ የሚያውቀኝ የለም። ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ እኔ ጋ ሲደርስ ብሩን ከነእጄ መለሰው። "ጋሼ፣ የርስዎ አይከፈልም! ልጅ ሆነን አስተምረውናል'ኮ።" ከዚያ ወደ ሾፌሩ፦ "መምህሬ ናቸው!" ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከጎኔ ያለው ሰው ተሸጋሸገልኝ።

"በጾሙም አላረፉም፤ ለጉባኤ ነው?" አለኝ ረዳቱ።

"ለአገልግሎት" አልኩ።

ዮናስ እንኳ ሲኮበልል የመርከቡን ዋጋ ከፍሏል።

ጦር ኃይሎች ወርጄ ማኪያቶ ጠጣሁ? ጠጣሁ። ቀዝቅዞ ነበር፣ ቡናውም አንሶበታል። ሌላ አዘዝኩ።

በሚቀጥለው እሁድ የካፌው ልጅ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ዮናስን ልጨርስ ቃል ገብቼ ነበር። ርዕሱን ቀይሬ የኖኅን መርከብ ልኬት አስተማርኩ። ርዝመቷ 300 ክንድ፣ ወርዷ 50፣ ቁመቷ 30። ሙሉ ክፍለ ጊዜውን ስለ ክንድ አወራሁ። ማንንም የማይነካ ርዕስ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ኪነ ጥበብ ክፍሉ የበለዓምን ታሪክ በድራማ ሊያቀርብ ነው። በለዓም ለእኔ የተፈጠረ ነው፤ ነቢይ ነው፣ ካባ አለው፣ ንግግሩ ረጅም ነው። ፈተና ሳይጠሩኝ ሄጄ አንድ ገጽ ያህል አሰማኋቸው። አዘጋጇ ያቺው የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ናት፤ አሁን ስምንተኛ ገብታለች። እስክጨርስ በጥሞና አዳመጠችኝ።

"ድምፅዎ በጣም ደስ ይላል" አለች። "አህያዋን ይሁኑልን።"

ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ ልታጽናናኝ ሞከረች። "ጋሼ፣ አህያዋ'ኮ ከነቢዩ ትሻላለች። መልአኩን ቀድማ ያየችው እሷ ናት።" ክርክር የሚገባ ነገር አልነበረውም፣ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ጆሮ ከካርቶን ተቆረጠልኝ፤ አንዱ ይወድቃል። ጆንያው ያሳክካል፣ በርበሬ የነበረበት ነው መሰለኝ። ለመጀመሪያው ልምምድ በአራት እግሬ ወደ መድረኩ እንደወጣሁ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሳሏን አስቀድሜ፣ ንግግሬን ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ገና ነው!" አለች አዘጋጇ ከታች። "መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ይመታሉ። የሚናገሩት ከዚያ በኋላ ነው።"

አንገቴን አዙሬ ስመለከት በለዓም ሆኖ ዱላውን የያዘው የካፌው ልጅ ነው።

"በቀስታ ነው ጋሼ" አለኝ፤ "ለልምምዱ ብቻ።"